ስህተቱ ወደ ኋላ ሲመለስ

አንድ መምህር ነበር። ሂሳብ ያስተምራል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመት ቀርቶታል። ስሙን አልነግራችሁም፤ ታሪኩን ግን ራሱ "ንገርልኝ" ብሎኛል።

ይህ ሰው በስተርጅና ፍቅር ያዘው። አትሳቁ፤ የትምህርት ፍቅር ነው! አንድ የሥራ ባልደረባው በስልኩ ቪዲዮ አሳየው። ስለ ኒውራል ኔትወርክ ነው፤ ማሽን እንዴት እንደሚማር የሚያስረዳ ትምህርት። አለቀለት። ምሳ ሲበላ ቪዲዮ፣ ታክሲ ሲጠብቅ ቪዲዮ፣ ጫማውን ሲያስር ቪዲዮ። ሚስቱ ትርሲት፣ "ጆሮህ ላይ የሰካኸውን ነገር ሥር ሳይሰድ ንቀለው" ትለው ነበር።

እውነቱን እንናገር ካልን ጎበዝ ተማሪ ነበር። የገባውንም ለራሱ ብቻ አያስቀርም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ ይነሳል።

"ስሙኝማ! ለማሽኑ የቡና ቅጠል ፎቶ ይሰጡታል። ጤነኛ ነው ወይስ የታመመ? መጀመሪያ ዝም ብሎ ይገምታል፤ ይሳሳታል። ውስጡ በንብርብር የተደረደሩ ብዙ ቁጥሮች አሉ። ሲሳሳት ምን ይደረጋል? ስህተቱ ከመጨረሻው ንብርብር ተነስቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። እግረ መንገዱንም እያንዳንዱን ቁጥር ይጠይቃል፤ 'ለዚህ ስህተት ያንተ ድርሻ ምን ያህል ነው?' ብዙ ያጠፋ ብዙ ይታረማል፣ ጥቂት ያጠፋ ጥቂት። እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይታረማል። መማር ማለት ይኸው ነው!"

ያንተ ድርሻ ምን ያህል ነው? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ።

ሰውየው እናት ነበሩት፤ ወይዘሮ አመለወርቅ። ራቅ ያለ ወረዳ ከተማ ውስጥ ከታላቅ ወንድሙ ከሸዋንግዛው ጋር ይኖራሉ። አባታቸው ቀደም ብሎ ስለሞተ ይህን መምህር አሳድጎ ያስተማረው ሸዋንግዛው ነው። "ጋሼ" ነው የሚለው።

እናቱ ይደውላሉ። ቪዲዮው መሃል ላይ "እማዬ" የሚል ስም ብቅ ይላል። ሰውየው ያየዋል። "ይህችን ክፍል ልጨርስና እደውላለሁ" ይላል። አንዳንዴ ይደውላል፤ ብዙውን ጊዜ ይረሳል። ሲያገኛቸውም "እየተማርኩ ነው እኮ፣ እማዬ" ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ደስታቸው! "ልጄ በዚህ ዕድሜው ይማራል" እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ።

ከዚያ ታመሙ። ሸዋንግዛው ለወንድሙ ሊደውል ስልኩን ሲያነሳ እጁን ያዙት። "ትምህርት ላይ ነው፤ አትረብሸው። ይሻለኛል" አሉት። ሸዋንግዛውም እናቱን ታዘዘ። አልተሻላቸውም፤ አረፉ።

መምህሩ መርዶ ሰምቶ ሲደርስ እናቱ ተቀብረዋል። ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት ጣቱን ወንድሙ ላይ ቀሰረ። "ደብቀኸኝ ገደልካት!" አለው። ያሳደገውን ወንድሙን! ሸዋንግዛው ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ተለያዩ።

ሐዘኑ በረድ ሲል ሽማግሌዎች ገቡ። መቼም የሽምግልናን ነገር ታውቁታላችሁ። ሁለቱንም ቁጭ አደረጓቸውና ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ በለጠ እንዲህ አሉ፦ "ማን ልክ ነው ብለን አልጠየቅናችሁም። ከዚህ ጥፋት ላይ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን አንሱ።"

ሸዋንግዛው ተነሳ። "አትንገረው ብትለኝም መንገር ነበረብኝ። ቃሏን ያከበርኩ መስሎኝ ወንድሜን ከእናቱ ስንብት ከለከልኩት። አጥፍቻለሁ" አለ።

አሁን ተራው የመምህሩ ነው። በዚያች ሰዓት ምን ትዝ እንዳለው ነግሮኛል፤ "እማዬ" የሚለው ስም ስልኩ ላይ ብቅ ሲል። ያላነሳው ጥሪ ሁሉ ትዝ አለው። "አትረብሸው" ያሰኛቸው ማን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። "እኔም አጥፍቻለሁ" የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣ። ዋጠው።

"አጥፍቻለሁ ሲል ሰምታችኋል" አለ። "ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?"

አያችሁ? የወንድሙን ንስሐ ምስክር አድርጎ አቆመበት። ስንቶቻችን ነን ይህንን ያደረግን?

ጋሽ በለጠ ተለሳልሰው ጠየቁት፦ "ልጄ፣ ያንተስ ድርሻ?"

"የእኔ ድርሻ የለም።"

ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁ ተነሱ። ሸዋንግዛው በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። ወንድሙ ቀና ብሎ ቢያየው ሊስመው ነበር። ቀና አላለም፤ ሸዋንግዛውም ሄደ።

ወገኖቼ፣ ያቺ ጥያቄ እኮ እሱ ራሱ በጠመኔ የጻፋት ናት! ለሰው ሁሉ አስረድቷታል፤ በሽማግሌ አፍ ስትመጣ ግን አላወቃትም። እኛስ ስንቱን አውቀን ለሌላ ሰው ብቻ አስተማርነው?

ዓመታት አለፉ። ጡረታ ወጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያንኑ የድሮ ቪዲዮ ከፈተ። አስተማሪው፣ "ስህተቱ ወደ ኋላ ካልተመለሰ ማሽኑ የፈለገውን ያህል ፎቶ ቢያይ ምንም አይማርም፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደ መጀመሪያው ቀን ይገምታል" አለ። ሰውየው ቪዲዮውን አቆመው። ጆሮው ላይ የሰካውንም ነቀለ።

"ትርሲት፣ እማዬ ትደውልልኝ ነበር" አላት።

"አውቃለሁ" አለችው። "ከማን ጋር የምኖር መሰለህ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ እስክትናገር።"

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ሄደ። በሩን የከፈተችለት የወንድሙ ልጅ ምንትዋብ ናት።

"አባባ ሰው መለየት ትቷል፣ አጎቴ። ቆይቷል" አለችው።

"እንዴት አይነገረኝም?"

አንገቷን ደፋች። "ብንደውል የምታነሳ አልመሰለንም" አለች።

ሸዋንግዛው ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። ወንድሙን ሲያይ በአክብሮት ከወንበሩ ሊነሳ ሞከረ። "ይግቡ፣ ይግቡ" አለው፤ እንደ እንግዳ። መምህሩ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ሁሉንም ተናገረ፤ ያላነሳውን ስልክ፣ ድንኳኑ ውስጥ የቀሰረውን ጣት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት የዋጠውን ቃል። "አጥፍቻለሁ፤ ከሁሉም የሚበዛው የእኔ ድርሻ ነው" አለ። አለቀሰ።

ሸዋንግዛው በጥሞና ሰማው። እጁን ራሱ ላይ ጫነለት።

"ልጄ፣ ጥሩ ነገር ተናገርክ። ወንድም አለህ?"

"አለኝ።"

"እንግዲያው ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሂድና ለሱ ንገረው። እየጠበቀህ ይሆናል።"

ዛሬ ያ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሙ ጋ ይሄዳል። ጢሙን ይላጨዋል፣ ገላውን ያጥበዋል፣ አብሮት ፀሐይ ይሞቃል። ስልኩን ቤት ትቶ ነው የሚሄደው። ሸዋንግዛው ሌላው ሁሉ ሲጠፋው ይህቺ ነገር አልጠፋችውም፤ በመጣ ቁጥር ይጠይቀዋል።

"ለወንድምህ ነገርከው?"

"ነገርኩት፣ ጋሼ።"

"ምን አለህ?"

መምህሩ ምላጩን አንስቶ የወንድሙን ጢም መላጨቱን ይቀጥላል።

"እግዚአብሔር ይቅር ብሎታል ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ብሎታል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ወንድሜ" የምትለውን ቃል ከዚያ አፍ መስማት ይፈልግ ነበር። ያ አፍ ዛሬም አለ፤ ቃሏ ግን የለችም። እኔም ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

እናንተስ? እዚህ አብራችሁ እየዘመራችሁ ደጅ ስትወጡ በሌላ በር የምትሄዱ እህትማማቾች የሉም? ከአባታችሁ ጋር በሰው በኩል የምትነጋገሩ የላችሁም? እሱ እንዲህ አድርጎኝ፣ እሷ እንዲህ ብላኝ... አውቃለሁ፤ የእነሱን ድርሻ በቃላችሁ ይዛችሁታል። እኔ የምጠይቃችሁ የእናንተን ነው። ትንሽም ብትሆን እሷኑ ይዛችሁ ሂዱ። "መጀመሪያ እሱ ይምጣ" አትበሉኝ። የዚህኛው ወንድም መጥቶ ነበር፤ በር ላይም ቆሞ ነበር።

የእናንተ ወንድም ዛሬም ስትገቡ ስማችሁን ይጠራል። ስማችሁ ሳይጠፋው ሂዱ።