ሲስተር እቴነሽና የማኅበሩ ዋንጫ

አንዲት የትምህርት ቤት ነርስ በአንዲት ትንሽ ከተማ ትኖር ነበር። ስሟ እቴነሽ ነው፤ አገሩ ሁሉ ግን ሲስተር ይላታል። ቀን ቀን የተላጠ ጉልበት ታጥባለች፣ ጥርሱ የተነቃነቀበትን ታባብላለች፣ የሒሳብ ፈተና በደረሰ ቁጥር ሆዱን የሚቆርጠውን ተማሪ ደግሞ በዓይኗ ብቻ ፈውሳ ወደ ክፍሉ ትመልሰዋለች። ማታ ከባለቤቷ ከልብስ ሰፊው ከአቶ ጌጡና ከሰባት ዓመት ልጇ ከሕሊና ጋር እራቷን ትበላለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም የቀረችበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው የለም። ተማሪዎቿን፣ ቤቷንና ቤተ ክርስቲያኗን እኩል ትወድ ነበር። ሦስት ነገር እኩል መውደድ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ሦስቱ አንድ ቀን እስኪጋጩ ድረስ።

በአንድ ወቅት ትምህርት ቤቱ ውስጥ የጉሮሮ በሽታ ገባ። ልጆቹን ያተኩሳቸዋል፤ ምራቃቸውን መዋጥ ያቅታቸዋል። ሲስተር እቴነሽ ዞር ዞር ብላ ብታይ ምክንያቱን ከውሃው በርሜል አጠገብ አገኘችው። በርሜሉ ላይ አንዲት ጣሳ በሲባጎ ታስራ ተንጠልጥላለች፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ የሚጠጣው በእሷ ነው። መቀስ አምጥታ ሲባጎውን በተማሪዎቹ ፊት ቆረጠችው።

«ከነገ ጀምሮ ሁሉም የራሱን ኩባያ ይዞ ይመጣል» አለች። «የሌላ ሰው አፍ የነካውን የሚጠጣ የሌላ ሰው በሽታ ይጠጣል። ገባችሁ?»

«ገባን!» አሉ ልጆቹ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው ሕሊና ነበረች።

ይህ በሆነ በሳምንቱ የሚካኤል ማኅበር ተራ ሲስተር እቴነሽ ቤት ደረሰ። ማኅበሩ ጎረቤት በየወሩ በአሥራ ሁለት ተሰብስቦ ዳቦ የሚቆርስበት የጽዋ ማኅበር ነው። ነገሩ ከቅዱስ ቁርባን ጋር እንዳይምታታ፤ የምንናገረው በየቤቱ ስለሚደገሰው ማኅበር ነው። ሲስተር እቴነሽ በሟች እናቷ ቦታ ከተተካች ወዲህ ስትደግስ የመጀመሪያዋ ነበር። አንድ ነገር ቢጓደል «የእናቷን ወንበር አላወቀችበትም» መባሏ አይቀርም።

የዚያ ማኅበር አንድ ልማድ አለ። ብርዝ የተሞላ ትልቅ የቀንድ ዋንጫ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይዞራል። ሁሉም በየተራው ይጎነጫል፤ በመጨረሻ ልጆች ይቀምሳሉ። ከዋንጫው ያልቀመሰ ሰው ከማኅበርተኛው አንዱን ተቀይሟል ማለት ነው፤ ሳይታረቅም ከዚያ ቤት አይወጣም።

በዕለቱ ቤቱ ሞላ። መምሬ ይትባረክ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። ከዚያ ሙሴ የሚባሉት የማኅበሩ መሪ፣ እትዬ ዘነቡ፣ ዋንጫውን ተቀበሉ። ከመጎንጨታቸው በፊት በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉና ጉሮሯቸውን ደጋግመው ጠራረጉ። ድምፃቸው ሰልሏል። ሲስተር እቴነሽ ይህን አየች፤ ዝምም አለች። ዋንጫው ዞሮ እሷ ዘንድ ሲደርስ ከንፈሯን አስነክታ አሳለፈችው። ቀጥሎ ሕሊና ዘንድ ደረሰ።

ሕሊና ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ቅመሺ እንጂ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«አልፈልግም። የብዙ ሰው አፍ ነክቶታል።»

ሲስተር እቴነሽ ጎንበስ ብላ፣ «ሕሊና፣ ይሄ ሌላ ነው። ዝም ብለሽ ቅመሺ» አለቻት።

«እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው እማዬ?»

«የማኅበር ጽዋ ነዋ!»

ሕሊና ትንሽ አሰበች። «እና በሽታው ማኅበር መሆኑን ያውቃል?»

አቶ ጌጡ ሳቃቸውን መያዝ ቢያቅታቸው ወደ ጓዳ ሸሹ። እትዬ ዘነቡ ግን አልሳቁም።

«አንቺ እቴነሽ፣ እናትሽ በዚህ ዋንጫ ስንቱን አጠጥታ፣ ስንቱን አስታርቃ አለፈች! ልጅሽ አፋችንን ስትጸየፍ ዝም ካልሽ የእናትሽ አጥንት ይወቅስሻል። ከጽዋ የሚሸሽ ቂመኛ ብቻ ነው።»

ሲስተር እቴነሽ ጭንቅ ያዛት። ልጇን አስገድዳ ብታቀምስ፣ የሲስተር ቃል ከትምህርት ቤቱ አጥር እንደማያልፍ ነገ ተማሪው ሁሉ ይሰማል። ባታቀምስ የእናቷ ወንበር ሊቀርባት ነው። ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ሕሊና አላመፀችም፤ አላኮረፈችም። ከእናቷ ሁለት ቃል የትኛው እውነት እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ትጠብቃለች።

ሲስተር እቴነሽ ተነሥታ ዋንጫውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እትዬ፣ ልጄ አላጠፋችም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጉሮሮዎን እንዳመመዎት አየሁ። በሽታው እንደሚጋባም አውቃለሁ። ሰው ይቀየመኛል ብዬ ዝም አልኩ። ለተማሪዎቼ ቀን ሙሉ የምለፈልፈውን ለእናንተ ለቤተሰቦቼ ነፈግኳችሁ። ይቅር በሉኝ።»

ማኅበርተኛው ሁሉ መምሬ ይትባረክን አየ። መምሬ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ለመሆኑ ቡራኬው ያለው በከንፈራችን ላይ ነው እንዴ?» አሉ። «ሲስተር ሌላ ዋንጫ ቀይሪልንና አዲስ ብርዝ ሙዪበት፤ እባርከዋለሁ። እናንተም ከየቤታችሁ ኩባያ አምጡ። ከአንዱ ዋንጫ በየኩባያችን ይቀዳል። የእኔን ግን ስታመጡልኝ ዘለግ ያለ ይሁን።»

ያን ጊዜ ሰፈሩ ሰርግ መሰለ። አንዱ የፔርሙስ ክዳን ይዞ መጣ። አንዷ ጆሮው የተሰበረ ስኒ አመጣች። አንድ ጎልማሳ ትልቅ ጆግ ታቅፎ ገባ።

«ይሄ ነው ኩባያህ?» አሉት መምሬ።

«አፌን ለክቼ ነው መምሬ።»

እትዬ ዘነቡ አሁንም አልተዋጠላቸውም። «ሁሉም ለብቻው ከጠጣ ቂመኛው በምን ይታወቃል?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም።

«እውነትዎን ነው» አሉ መምሬ። «እንግዲያው ማንም ለራሱ አይቅዳ። አንዱ ለሌላው ይቅዳ። ከሙሴያችን እንጀምር። እትዬ ዘነቡ፣ ለላቀች ይቅዱላት።»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ ዘነቡና እትዬ ላቀች አጥር ለአጥር ጎረቤት ናቸው። የእትዬ ላቀች አውራ ዶሮ የእትዬ ዘነቡን ጎመን ጭሮ፣ በዚያው ሰሞን ዶሮው ጠፋ። የገባበትን ድስት የማያውቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ዶሮው ከተበላ ዓመታት አልፈዋል፤ ቂሙ ግን በየማለዳው ይጮኻል። ሆኖም በየወሩ ሁለቱም ከዋንጫው ይቀምሱና ፊታቸውን አዙረው ይሄዱ ነበር። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

እትዬ ዘነቡ ዋንጫውን አነሡ። መጎንጨት ቀላል ነው። ለተቀየሙት ሰው መቅዳት ግን ፊት ለፊት መቆምን ይጠይቃል። ደግሞም መናገር የግድ ነው፤ አለዚያ ይፈስሳል።

ኩባያው ግማሽ ሲደርስ፣ «ይበቃሻል?» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ።

እትዬ ላቀች ኩባያውን አዩት። ቀጥለው እትዬ ዘነቡን አዩአቸው።

«ዶሮዬን የሚያህል ነገር በልተሽ በግማሽ ኩባያ ልትታረቂኝ ነው? ጨምሪ እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እትዬ ዘነቡም ሳቅና እንባ ተደባለቀባቸው። «ምን ዶሮ ነው እሱ፣ ጥርሴን ነው የጨረሰው! ይቅር በይኝ ላቀች» እያሉ ሲቀዱ ብርዙ ሞልቶ በሁለቱም እጅ ላይ ፈሰሰ።

ሲስተር እቴነሽም ለልጇ ቀዳችላት። ሕሊና ጠጥታ ከንፈሯን ላሰች። «ይጣፍጣል ለካ!» አለች። ማኅበሩም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥርዓቱን በዚሁ አጸና፤ አንድ ዋንጫ፣ የየራስ ኩባያ፣ ቀጂው ሌላ ሰው። የእናቷንም ወንበር ከሲስተር እቴነሽ ሊወስድ የሞከረ የለም።

ወዳጆቼ፣ ይህ የሚነገረው የአባቶችን ልማድ ለመንቀፍ አይደለም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ያ ዋንጫ መጀመሪያ የተያዘው ሰው እንዲታረቅ ነበር። ከንፈር ማስነካት ብቻ ሲሆን ግን ለቂም መደበቂያ ሆነ። ልጅ ስለጠየቀ ልማድ አይፈርስም፤ የሚፈርሰው ትልቅ ሰው መልሱን ሲፈራ ነው። እውነትም የሥራ ጋዋን አይደለችም፤ ቤት ሲገባ ተወልቃ አትሰቀልም። ለባዕድ ልጅ የምንነግረውን ለገዛ ወገናችን ከነፈግን ፍቅራችን ጎደሎ ነው።

እስቲ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፦ እንዳይቀየመን ብለን እውነቱን የደበቅነው፣ ግን ከሁሉ አስቀድሞ እውነቱ የሚገባው የቤታችን ሰው ማን ነው?