የላሞቹ ልክ

አንድ ቀን፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ብሎ የሚገኝ አንድ የግብርና ኮሌጅ፣ የፌዴራል በጀት ኃላፊው ሊጎበኙት እንደሚመጡ ተነገረው። የኮሌጁ ዲን ዶክተር ወንድይፍራው ይህን ጉብኝት ለማግኘት ስንት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሷል፤ ስንት ኮሪደር ላይ ቆሟል። የኮሌጁ ላሞች መኖ አልቆባቸዋል። የፌዴራል ድጋፍ ካልተገኘ ላሞቹ በሐራጅ ይሸጣሉ፤ የእንስሳት ትምህርት ክፍሉም ይዘጋል። ያለ ላም የእንስሳት እርባታ ማስተማር፣ ወንድይፍራው እንደሚለው፣ ያለ ውሃ ዋና ማስተማር ነው።

እንግዳ ሲመጣ አገር የሚያደርገውን ኮሌጁም አደረገ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀባ። የደረቀው ችግኝ ተነቅሎ ለምለሙ ተተከለ። የከሱት ላሞች ወደ ጓሮ ተነዱ። በቦታቸው፣ ከወንዙ ማዶ ካሉት ገበሬ ከጋሽ አድማሱ በረት፣ የሰቡ ላሞች በውሰት መጥተው ታሰሩ። ጋሽ አድማሱ ሲያስረክቡ አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉ፦ ላሞቹን በስማቸው እንጂ በቁጥር እንዳይጠሩባቸው፤ ቁጥር የሰማች ላም ወተቷን ትከለክላለች።

ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ መጡ። ዞሩ። የአንዷን ላም ጀርባ መታ መታ አደረጉ። ምሳ በሉ፤ ከኮሌጁ ማር ተቋጠረላቸው። ሲሰናበቱ የዲኑን እጅ ጨብጠው፣

«ዶክተር፣ እናንተማ ጠግባችኋል» አሉ። «ድጋፉን ለቸገረው ብንሰጠው አይሻልም?»

የውሰት ላሞቹ ወንዙን ተሻግረው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ የኮሌጁ ላሞች ሐራጅም ለዓመት ተላለፈ። መምህራኑ ተሰብስበው ከተወያዩ በኋላ ጥፋቱ የኖራው ነው አሉ። ወንድይፍራው ክረምቱን ሙሉ ሲያሰላስል ከረመ።

በዓመቱ ኃላፊው ተመልሰው መጡ። አሁን ኖራ የለም፤ የውሰት ላም የለም። ኮሌጁ እንዳለ ቆሞ ጠበቃቸው፦ ባዶ ገንዳ፣ ዝናብ የሚያስገባ ጣሪያ፣ የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ የሚታይ ላሞች። አቶ ልዑልሰገድ በረቱ ደጃፍ ላይ መሀረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ከዚያም መምህራንና ተማሪዎች በተሰበሰቡበት፣ የመንግሥት ሀብት እንዲህ ተጎሳቁሎ ማየት ምን ያህል ልብ እንደሚሰብር በሰፊው አስረዱ።

«ላም እንዲህ ለሚያከሳ ኮሌጅ መንግሥት ምን ብሎ መኖ ይሰጣል?» አሉ በመጨረሻ። «በጀት ቆሞ ለሚሄድ እንጂ ለወደቀ አይያዝም። ጥያቄ ያለው አለ?»

ኃላፊ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄ አይኖርም። ወንድይፍራው ግን የሚሸጡትን ላሞች አንድ ጊዜ አየና እጁን አወጣ። ቁጣ አልነበረበትም። ድምፁ ክፍል ውስጥ ስለ ድርቆሽ አከመቻቸት ሲያስተምር የሚናገርበት ድምፅ ነው።

«ክቡር አቶ ልዑልሰገድ፣ አምና ወፍረን ብንጠብቅዎ ጠግባችኋል ብለውን ሄዱ። ዘንድሮ ከስተን ብንጠብቅዎ ወድቃችኋል አሉን። ለከርሞ በስንት ኪሎ እንጠብቅዎ? ሚዛኑ እዚሁ በረቱ አጠገብ አለ።»

ኃላፊው ሚዛኑን አዩት። የከብት ሚዛን ነው፤ ሰፊ ነው፤ ሰውም ያስቆማል። ከመምህራኑ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቶ ልዑልሰገድ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጉዳዩ ይታያል ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

መኖው በጥቅምት መጣ። ኃላፊው የሚጠበቁበት ኪሎ ግን እስካሁን አልተነገረም።