ለሁሉም የሚዘክረው ደምለው

ተረት ተረት!

«የላም በረት።»

ምነው፣ ላሞቹ ተኝተዋል እንዴ? ጮክ በሉ እንጂ!

«የላም በረት!»

እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን ደምለው የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። ደምለው ክፉ በሽታ ያዘውና ሊሞት ደረሰ። ከዚያም ተሳለ፦ «አምላኬ፣ ካዳንኸኝ አንድ ነገር እይዛለሁ። እስክሞት አልለቅም።» ዳነም። አንድ ነገር ነው ያለው፣ ልብ በሉ። አንድ!

ምን እንደሚይዝ ጎረቤት ጠየቀ። መጠየቁ ነው ያጠፋው። አንዱ፦ «ሚካኤልን ዘክር። በየወሩ በአሥራ ሁለት ዳቦ ቁረስ፣ ጠላ ቅዳ፣ ሰው አብላ» አለው። እሺ ብሎ ዘከረ። ሌላው ያንኑ ጠላ እየጠጣ፦ «ገብርኤልንስ ማን ይዘክርልህ?» አለው። ደምለው ደነገጠና በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤልን ጨመረ። ከዚያም በአምስት አቦን። ከዚያም በሰባት ሥላሴን። ከዚያም ጊዮርጊስ በፈረስ ሆኖ በሕልሙ ታየው። ምን አለህ ቢሉት፣ ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ አየኝ አለ። ዝም ብሎ ስላየው ሃያ ሦስትም ተያዘ!

አንጓች ምን ትሁን? ጋን ታጥባለች፣ ጌሾ ትወቅጣለች፣ ትጠምቃለች። የአቦ እንግዳ ከደጅ ሳይወጣ የሥላሴው ይገባል።

«አንተ ሰውዬ፣ አንዱን ያዝና ተወኝ!» አለችው።

«ሌላው ቢቀየመኝሳ?»

«ቅዱሳን ጎረቤት ናቸው እንዴ፣ ድግስ ሳይጠሩ ሲቀሩ የሚያኮርፉ?»

«አይታወቅማ።»

አይታወቅማ አለ! አትሳቁ እናንተ። እኔ ይህን ሰው ሳስበው ጥርሴ ይፋጫል።

ሰኔ ደረሰና ጎታው ባዶ ሆነ። የቀረው የዘር ገብስ ብቻ ነው፣ አንድ ስልቻ። እሱ ካለቀ የሚዘራ የለም። የሚዘራ ከሌለ ለከርሞ የሚበላ የለም። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ደምለው ግን፣ በሃያ ሰባት ደግሞ መድኃኔዓለምን ልጀምር ብሎ እጁን ወደ ስልቻው ሰደደ። አንጓች ሮጠችና ስልቻው ላይ ተቀመጠችበት።

«ተነሺ።»

«አልነሣም።»

«የጌታ ነው እኮ!»

«ጌታ ዘራችሁን ጥመቁልኝ አላለም!» አለችና ስልቻውን ተሸክማ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ መምሬ ይትባረክ ገሠገሠች። ደምለውም እየተለማመጠ ከኋላዋ ተከተለ።

መምሬ ከዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። አንጓች ስልቻውን ፊታቸው ዱብ አደረገችና፦ «አባቴ፣ ይህን ሰው ይምከሩልኝ። ካልሆነ ዘሬን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ። እርስዎም ቢሆኑ፣ አንድ ቀን በቃኝ ብለው ዋንጫዎን አላስቀመጡም!» አለቻቸው።

መምሬ አፈሩ። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፦ «ልጄ ደምለው፣ በሚካኤል ዕለት ምን ብለህ ጸለይህ?» አሉት።

«ማን? እኔ?»

«አዎ፣ አንተ።»

«ኧረ አባቴ፣ መቼ ጊዜ አለኝና! ጠጡ፣ ጨምሩ፣ በሞቴ ስል አይደል የሚመሸው?»

«በገብርኤልስ?»

«ያው ነው።»

«በአቦስ?»

ደምለው ሊመልስ አፉን ከፈተና ነገሩ ገባው። አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያውስ» አሉ መምሬ፦ «ዝክሩን ሁሉ ተወው። የተሳልኸው አንድ ነገር ይህ ይሁን፦ ጠዋት ከቤት ሳትወጣ ቆመህ አንድ ጊዜ አባታችን ሆይ በል። ቀስ ብለህ። ሌላ ምንም እንዳትጨምር።»

«ይህቺ ብቻ? ይህማ የሕፃን ነው!»

«እስቲ ሞክራት።»

ሞከራት። በመጀመሪያው ቀን መሀል ላይ የተሰበረው ቀንበር ትዝ አለውና ጠፋበት። በሁለተኛው ቀን አረፈደና በሩጫ አለው። በሦስተኛው ቀን፣ ዳዊት ልጨምርበት ይሆን እያለ ሲያሰላስል ጭራሽ ሳይጸልይ ወጣ። አንጓች ከምድጃው ዳር ሆና አየችውና፦ «አገር ሙሉ ያበላ ሰው አንዲት አባታችን ሆይ አቃተው!» አለች። እውነቷን ነው። አቃተው። ግን በማግስቱም ተነሥቶ ቆመ። በማግስቱም። እንደገና እየጠፋበት፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመረ።

ከዚያም ዝናቡ ጣለና የዘር ቀን ሆነ። ደምለው በሬዎቹን ጠምዷል። አንጓች ዘሩን በቁና ይዛ ቆማለች። የጎን ማሳ ያለው ቸኮል የሚባል ሰው ከድንበሩ ላይ ተጣራ፦ «ደምለው! ዘንድሮ በረዶ ይበዛል እያሉ ነው። እኔ ተክለ ሃይማኖትን መዘከር ጀመርሁ። አንተስ ምነው? ሰብልህ ቢመታስ?»

በረዶ! ደምለው ወደ ሰማይ አየ። ደመናው ጠቁሯል። ፊቱ ላይ ያቺ የድሮዋ ፍርሃት መጣች። አንጓች ቁናውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

ደምለው ዓይኑን ከደመናው መለሰ። ከዚያም፦ «ወንድሜ ቸኮል፣ እኔ አንድ አለኝ። እሱኑም ገና አልቻልሁትም» አለና ለሚስቱ እጁን ዘረጋላት።

አንጓችም ዘሩን ሰጠችው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ። ዳቦው ካልደረሰ ቆሎም ይሆናል። ብቻ እናንተ የቱን እንስጣት እያላችሁ ስትመርጡ እኔን በረሃብ እንዳትጨርሱኝ!