ከጭነቱ ጋር የተጓዘችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሆኑ የማሞቂያ ማሽኖችን እየጠገነች ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች መላክ ነው። አስካለ ትባላለች።

ወደ አንድ ሩቅ ጤና ጣቢያ ሦስት ማሽኖች ላከች። ሦስቱም ከወርክሾፑ ሲወጡ ይሠሩ ነበር። ሦስቱም እዚያ ሲደርሱ አልሠሩም። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ደወለችላት። "እህቴ፣ እኛ እዚህ ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ነው የምናሞቀው። ትናንት አንዱን አጣነው" አለቻት።

ጥፋቱ የማን ነው? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። የሹፌሩ የጋሽ ደምመላሽ ነው። ይፈጥናሉ፣ ለጉድጓድ አይጠነቀቁም ተባለ። አስካለ ራሷ በስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ "ማሽኖቹን የሚሰብሩት እሳቸው ናቸው" ብላለች። አለቃዋም የስንብቱን ደብዳቤ አዘጋጀ።

የአዋላጇ ድምፅ ግን ከጆሮዋ አልጠፋ አለ። ሹፌሩ ቢባረሩ ቀጣዩ ማሽን በደህና ይደርሳል? ማን አየ? ማን ለካ? ማንም የለም። ወደ አለቃዋ ገባችና፣ "ደብዳቤውን ያቆዩልኝ። መጀመሪያ እኔ ከጭነቱ ጋር ልሂድ" አለችው።

አራተኛው ማሽን ሲጫን መዳፍ የምታህል መሣሪያ አሰረችበት። መሣሪያዋ እያንዳንዱን ንዝረትና ምት ከነሰዓቱ ትመዘግባለች። ከዚያ ደብተሯን ይዛ ጋቢና ገባች።

"ልትሰልዪኝ ነው የመጣሽው?" አሏት ጋሽ ደምመላሽ።

"ማሽኑን የሚያበላሸውን ላገኝ ነው። እርስዎ ከሆኑም እናገራለሁ፤ ካልሆኑም እናገራለሁ።"

አስፋልቱ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም አልጻፈችም። ምን ይጻፋል? መንገዱ ልስልስ ያለ ነው። ኮረኮንቹ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ግን ጭንቅላቷ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። "እዚህ ነው" ብላ ሰዓቱን ጻፈች። ጋሽ ደምመላሽ በእግሩ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው ነበር የሚነዱት።

ደረሱ። አዋላጇ ሶኬቱን ሰካች። ማሽኑ አልተነሣም።

አስካለ እዚያው ግቢ ውስጥ ላፕቶፗን ከፍታ መዝገቡን አነበበች። የኮረኮንቹ ምት ትልቅ ነበር፤ ግን ከማሽኑ ሥር ያለው ስፖንጅ አብርዶታል። ጉዳቱ የደረሰው አስፋልቱ ላይ ነው። ትንሽ ንዝረት፣ የማያቋርጥ ንዝረት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ። ስፖንጁ ይህን ንዝረት በማብረድ ፈንታ ጭራሽ ያጎላው ነበር። ማሽኑን ፈታ ስታየው የማራገቢያው ብሎኖች ላልተው ወድቀዋል።

ስፖንጁን ማን መረጠው? አስካለ። ብሎኖቹን ማን አሰራቸው? አስካለ።

መዝገቡን ያየ ሌላ ሰው የለም። ልትደመስሰው ትችል ነበር። እሷ ግን ላፕቶፑን እንደያዘች ወደ መኪናው ሄደች። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በሐሰት ከስሼዎታለሁ።"

ጋሽ ደምመላሽ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። በኋላ፣ "በይ ብሎኑን እሰሪ። እኔ ባትሪ አበራልሻለሁ" አሉ።

ማሽኑ በዚያው ቀን ሠራ። አስካለ ተመልሳ ያንኑ ቃል በስብሰባው ላይ ደገመችው፤ ደብዳቤውም ተቀደደ። ስፖንጁን ቀየረች፣ ብሎኖቹን እንዳይላሉ አድርጋ አሰረች፣ መሣሪያዋን አስራ እንደገና ተጓዘች። መዝገቡ አላረካትም። ደግማ ቀየረች፣ ደግማ ሄደች። በሦስተኛው ጉዞ ማሽኑ ምንም ሳይነካ፣ እንደተሰካ ሠራ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ስለምትወቅሱት ሰው ምን ለክታችኋል?

ልጃችሁ ከቤት ራቀ፤ ጸሎትም ተወ። "ጓደኞቹ ናቸው ያበላሹት" አላችሁ። አንድ ቀን አብራችሁት ውላችኋል? አጠገቡ ተቀምጣችሁ መንገዱን አይታችኋል?

ትልቁን ጠብ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ፤ በሩ ተወርውሮ የተዘጋበትን ቀን። በየራቱ ላይ ጣል የምታደርጓትን ያቺን ትንሽ ቃልስ ማን መዘገባት? ያ ሁሉ ሰላም በሚመስል ምሽት፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት? እናንተ አልመዘገባችኋትም። ልጁ ግን መዝግቧታል።

እንግዲህ ዛሬ ሂዱና ጠይቁት። ሲነግራችሁ አትከራከሩት፤ እስኪጨርስ ስሙት። እውነቱ ወደ ራሳችሁ እጅ ቢያመለክት አትሽሹ። እግዚአብሔር ይህን የሚያሳያችሁ፣ ገና ልታበጁት ስለምትችሉ ነው።