ከርከሮ በሳህን

«ጥሻ ማለት» አሉ ሽማግሌው ሐኪም፣ «ውስጡን ያየ ሰው ሳይኖር ሁሉም የሚያወራለት የቁጥቋጦ ስፍራ ነው።»

ይህን ያሉት የሳንባ ካንሰር ለያዛት ውዴነሽ ለምትባል ሴት ነው። ሰውነቷ ራሱ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርግ መድኃኒት ጀምራ ነበር። አዲሱ ሲቲ ስካን ላይ ዕጢው ተልቆ ሲታይ ዘመዶቿ «መድኃኒቱን ተይው!» አሏት፤ የሚያክሟት ደግሞ ለምርመራ ደም ጠየቋት።

«ዶክተር፣ የታመመው ሳንባዬ ነው» አለቻቸው። «ደሜ ምን ያውቃል?»

እሳቸው ቀጠሉ፦

አንድ ገበሬ ነበረ። ከማሽላው አጠገብ ያለው ጥሻ ውስጥ ከርከሮዎች ገቡበት። ቀፎዎቹም የተሰቀሉት እዚያው ነው፤ በመሐሉ ጅረት ያልፋል። የአገሩ ሰው መንገደኛ እንዳይነክስ ውሻውን አስሮ ስለሚያኖር ከርከሮዎቹ ደልቷቸው ከረሙ። በመጨረሻ ገበሬው የውሾቹን ገመድ ፈታ።

ውሾቹ ከገቡ በኋላ ጥሻው ከዳር እስከ ዳር ይናወጥ ጀመር። ጎረቤቶቹ ችቦ ለኩሰው መጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሾችህ ተበልተዋል! ከርከሮው ረብቷል! እሳት እንልቀቅበት!»

«ማንኛችሁ ገብታችሁ አያችሁ?»

የገባ አልነበረም። ገበሬው ነጭ ሳህን ይዞ ከጥሻው ወደሚወጣው ጅረት ወረደ።

«ከርከሮ በሳህን ሊያድን ነው!» ብለው ሳቁበት።

ውሾቹን ከመፍታቱ በፊትም ቀድቶ አይቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ሳህኑ ጭቃና የከርከሮ ጠጉር ሞልቶት ነበር። አሁን ጠጉሩ ጥቂት፣ ጭቃውም ስስ ነው። ተመልሶ የጥሻው መግቢያ ላይ ዱላውን ይዞ ተቀመጠ።

«እሳት የያዘ በእኔ ላይ ተራምዶ ይግባ» አለ።

የተራመደ የለም። ችቦው እጃቸው ላይ አለቀ። ውሾቹ ውለው አድረው ቆሳስለው፣ ግን ጅራታቸውን እየቆሉ ወጡ። ውሃው ደፍርሶ ቢያገኘው ኖሮ ውሾቹን ጠርቶ እሳቱን ራሱ ይለኩስ ነበር።

ሐኪሙ ወደ ውዴነሽ ዞሩ።

«ጥሻው ሳንባሽ ነው። ውሾቹ መድኃኒቱ ገመዳቸውን የፈታላቸው የሰውነትሽ ጠባቂዎች ናቸው። ሲቲ ስካኑ መናወጡን ያሳያል፤ ዕጢውን ያሳበጠው ካንሰሩ ይሁን የገቡበት ጠባቂዎች ሁልጊዜ አይለይም። ደምሽ ግን በዚያ ያልፋል፤ ከዕጢው የረገፈውን ቅንጣት እንደ ከርከሮው ጠጉር ይዞ ይወርዳል። ከመድኃኒቱ በፊት ከሰጠሽው ጋር ያስተያዩታል። ደሙም ቢሆን ብቻውን አይፈርድም። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ግን ችቦ የያዘ ዘመድ አታስጠጊ።»

ደሟን ሰጠች። ከዕጢው የረገፈው ቀንሶ ተገኘ። እሷ መድኃኒቷን ቀጠለች፤ ዘመዶቿም ማውራታቸውን ቀጠሉ።