ፕሮፌሰሩ በር የቆለፉበት ትምህርት

ፕሮፌሰር ምንውየለት አዳራሹ ሳይሞላ መናገር አይወዱም። ስለዚህ የሆስፒታሉ ሠራተኛ በሙሉ፣ ዘበኛው እንኳ ሳይቀር፣ ትምህርታቸው ላይ እንዲገኝ አዘዙ። ሰው ሻዩን ጠጥቶ ሲገባ በሩን ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ርእሳቸው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው የሰውነት ንጥረ ነገር ነበር።

ትምህርቱ ሦስተኛ ሰዓቱን ሲይዝ፣ አንዲት የላቦራቶሪ ጽዳት ሠራተኛ ብድግ ብላ ወደ በሩ አመራች።

"አንቺ! ወዴት ነው?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"አንድ ጊዜ ወጣ ብዬ ልምጣ፣ ጌታዬ።"

"እኔ እየተናገርኩ ማንም አይወጣም! እንዲያውም እስካሁን ያልኩትን እዚያው ቆመሽ አስረጂን። ካቃተሽ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም።"

ሐኪሞቹ በሙሉ አቀረቀሩ፤ እነሱም ቢጠየቁ ጉዳቸው ነበር።

ሴትዮዋ ጋዋኗን አስተካከለች። "ይሄ ፕሮስታግላንዲን የሚሉት፣ ሰውነታችን የተጎዳበት ቦታ ላይ ይፈጠርና 'እዚህ ጋ ያማል' ብሎ ይናገራል። ተናግሮ ሲያበቃ ግን ብዙ አይቆይም። በሳንባ አንዴ ሲያልፍ ሳንባ አቅሙን ይነጥቀዋል፣ ጉበት ይከታትፈዋል፣ ኩላሊት ደግሞ ከሽንት ጋር ይሸኘዋል።"

"ትክክል ነው" አሉ ፕሮፌሰሩ ሳይወዱ በግዳቸው። "ታዲያ ይህን ያህል ከገባሽ ምን አስቸኮለሽ?"

"ጌታዬ፣ ሳንባዬም ጉበቴም ኩላሊቴም የየድርሻቸውን ሠርተው ከጨረሱ ቆዩ። አሁን የቀረው የእርስዎ ድርሻ ብቻ ነው፤ ቁልፉን ያምጡ።"