ለመምህሩ የተመለሰላቸው ንባብ

አንድ ዓይነ ስውር መምህር ነበሩ፤ መምህር ውብሸት ይባላሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላም በአሮጌ ኮምፒዩተራቸው ይጽፉ ነበር። ኮምፒዩተሩ ከብሬይል ማተሚያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጽሑፉን በወፍራም ወረቀት ላይ በነጥብ ያወጣላቸዋል፤ እሳቸውም በጣታቸው ያነቡታል። ኢንተርኔት የሚባል ነገር ግን አያውቅም።

የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሰባስበው አዲስ ስልክ ገዙላቸው። መምህሩ መርቀው ተቀበሉ፤ ሆኖም ልሙጡን መስታወት ጣታቸው ሊለምደው አልቻለም። መልእክት በመጣ ቁጥር ጎረቤት እየጠሩ ያስነብቡ ጀመር።

ከተማሪዎቻቸው አንዷ፣ ኢንጂነር እታፈራሁ፣ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ጎረቤትየው ጮክ ብሎ እያነበበላቸው ደረሰች። መምህሩ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ስንቱን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው እንዲህ ሆነው ማየት አንጀቷን በላው።

“መምህር፣ አሮጌውን ኮምፒዩተርዎን ከኢንተርኔት ጋር አገናኘዋለሁ” አለቻቸው።

“እሱም እንደኔ ጡረተኛ እኮ ነው። ይችላል ብለሽ ነው?”

“ይችላል!”

ከአሮጌው ኮምፒዩተር ጀርባ ሲሪያል የሚባል፣ መልእክትን በቀጭን ገመድ በተራ በተራ የሚያሳልፍ መሰኪያ ነበር። እታፈራሁ በማግስቱ ጠዋት ትንሽ አዲስ ኮምፒዩተር ይዛ መጥታ በዚያ በኩል አያያዘችለት፤ አዲሱ ከኢንተርኔት እየተቀበለ ለአሮጌው እንዲያቀብል ነው።

ማተሚያው ተንጫጫ። መምህሩ ወረቀቱን ዳሰሱና ፊታቸው ጠቆረ። “ምንም አይልም። ዝም ብሎ ነጥብ ነው” አሉ።

እታፈራሁ አሮጌውን ፈታችው፣ አጸዳችው፣ መልሳ ገጠመችው። የሚወጣው ያው ትርጉም የለሽ ነጥብ ሆነ።

“ተይው ልጄ” አሏት መምህሩ። “ጥፋቱ የኛ የአሮጌዎቹ ነው።”

ይህን ስትሰማ ክው አለች። ከጠዋት ጀምሮ ጥፋቱን የፈለገችው በአሮጌው ላይ ብቻ ነበር። ዞር ብላ አዲሱን መረመረችው። ለካስ አዲሱ፣ አሮጌው ሊቀበለው ከሚችለው በላይ እየፈጠነ ኖሯል የሚልከው! ፍጥነቱን ቀንሳ በአሮጌው ልክ አደረገችው።

ማተሚያው እንደገና መምታት ጀመረ፤ አሁን ግን ረጋ ብሎ። መምህሩ ጣታቸውን ነጥቦቹ ላይ አሳረፉ።

“‘መምህር፣ አንዳርጌ ነኝ። አሶሳ እያስተማርኩ ነው። ለተማሪዎቼ የማነበው እርስዎ ባስያዙኝ ብሬይል ነው...’”

ድምፃቸው ተቋረጠ፤ ጣታቸው ግን መስመሩን ተከትሎ መሄዱን ቀጠለ።

“ሌላስ ምን ይላል?” አለ ሊያይ የመጣው ጎረቤትየው።

“ይኼማ ለእኔ የተጻፈ ነው” አሉ መምህሩ፣ ፊታቸው በኩራት እየበራ።

እታፈራሁ ብዙ ትልልቅ ሥራ ሠርታለች። በሙያዋ እንደዚያን ቀን ኮርታ ግን አታውቅም።

ወዳጆቼ፣ ካሳደጉንና ካስተማሩን ጋር መግባባት ሲያቅተን እነሱን ለመጠገን እንነሣለን። ፍጥነቱን መቀነስ የሚችለው ግን ፈጣኑ ነው። በእኛ ችኮላ ብቻ “አይገባውም” ብለን የተውነው ሰው ማን ይሆን?